አሸዋ የማይዘው መኪና

መኪናው ግቢያችን የገባው በራሱ ሞተር አልነበረም። አንድ አይሱዙ በገመድ እየጎተተ ነው ያመጣው፤ በሩ ጠብቦት የግራ ጎኑ የእናቴን አጥር ፍቆ አለፈ። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ፣ "ይሄን ሬሳ የት ልታደርጉት ነው?" አለች። ከኋላ ሲገፉ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ቀና ብሎ ላቡን በክንዱ ጠረገና፣ "ይነሳል እናቴ፤ ስድስት ወር ብቻ ይስጡኝ" አላት። ስድስት ወር ያለው ከሦስት ዓመት በላይ ሆነ።

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትዳሬ ፈርሶ እናቴ ቤት ከተመለስኩ አራት ዓመት አልፎኝ ነበር። ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ከቤታችን መንገድ ዳር በምትገኘው ክፍል ውስጥ የባጃጅ ወንበርና ጣሪያ፣ የጭነት መኪና ሸራ እሰፋለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ሲሞትም የስፌት መኪናውን ለወንድሞቼ ሳይሆን ለእኔ ተናዞልኛል። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሴት ሸራ ስትሰፋ ሲያዩ ይስቁ ነበር፤ ኋላ ግን ከአጋሮም ከሊሙም እየመጡ ወረፋ ይጠብቁ ጀመር።

ያ ስድስት ወር የጠየቀው ሰው ጅማ የመጣው የአንድ መንገድ ሥራ ድርጅት መካኒክ ሆኖ ነበር። መንገዱ አለቀ፣ ድርጅቱ ካምፑን ነቅሎ ሄደ፣ እሱ ቀረ። በሐራጅ ከወጡት ዕቃዎች መሀል ማንም ዞር ብሎ ያላየውን አሮጌ ላንድክሩዘር ገዛና ማቆሚያ ሲያፈላልግ የእኛን ጓሮ አገኘ። በአዘቦቱ ቀን አወቱ መንደራ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላና እሁድ ግን ከእኛ አቮካዶ ዛፍ ሥር አይጠፋም።

መኪናው በእርግጥም ሬሳ ነበር። የወለሉ ላሜራ በዝገት ተበልቶ ሾፌሩ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በእግሩ መሀል ሣር ያያል። ሞተሩ ወጥቶ ሲወርድ የእናቴ ዶሮ ባዶው ቦታ ገብታ እንቁላል መጣል ጀመረች። እናቴ፣ "ማሻአላህ፣ ለዶሮ ቤት እንኳ ሆነ" እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር።

መጀመሪያ የተነጋገርነው ሸራ ፈልጎ ሲመጣ ነው።

"እህቴ፣ ዝናቡ ሊቀድመኝ ነው" አለኝ ከበሩ ውጭ ቆሞ። "ከላይ የምጥልበት ነገር ትሠሪልኛለሽ?"

ሜትሬን ይዤ ወጣሁና ለካሁት። ጣቴ የነካው ቦታ ሁሉ ቀይ ዱቄት ሆኖ ይራገፋል።

"እናንተ አገር ብረት ከሰው ቶሎ ያረጃል" አለ።

"እናንተ አገርስ?"

"እኛ አገር ብረት አይሞትም። ሰው ነው የሚሞተው።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም፤ አፈርኩ።

ነገሩ የገባኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። አንድ እሁድ ከባድ ዝናብ ይዞን ያንኑ ሸራ ተጠልለን ቆመን ሳለ እኔው ጠየቅኩት። "ይሄን ሁሉ የምትለፋው ለምንድን ነው? ሌላ መኪና አጥተህ ነው?" ነገረኝ። ያደገው ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚሄደው በድሮው የባቡር ሐዲድ ላይ፣ በረሃ ውስጥ ባለች ትንሽ ጣቢያ ነው። አባቱ የሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። ባቡሩ ሲቆም የጣቢያው ሰው ተበተነ፤ የእናቱ ዘመዶች ግን ከመንገዱ ርቀው ፍየልና ግመላቸውን ይዘው እዚያው ቀሩ። ታላቅ እህቱ የተዳረችው እነሱ ጋ ነበር። ምጥ ሲጠናባት ከከተማ መኪና ተላከላት። ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ደረቅ ወንዝ ሲሻገር አሸዋ ያዘው። ከጧት እስከ አስር ሰዓት ቆፈሩ።

"መኪናው ከቤቷ ይታይ ነበር" አለኝ። "እኔን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። እናቴ በር ላይ ቆማ መኪናውን እያየችው ነው እህቴ የሞተችው።"

"አላህ ይማራት" አልኩት። ዝናቡ ቶሎ አላባራም፤ ብዙ ቆምን። መኪናውንም ዳግመኛ በቀድሞው ዓይኔ አላየሁትም።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሲሠራ በመስኮት ማየቴን ትቼ ወጥቼ አያለሁ፤ ቀጥሎ መፍቻ ማቀበል ጀመርኩ፤ ቀጥሎ ሐሳብ መስጠት። የተበላውን ወለል ቆርጦ አውጥቶ አዲስ ላሜራ በየደው። ሞተሩን ፈትቶ ዕቃዎቹን ከአዲስ አበባ እያስመጣ አንድ በአንድ ቀየረ። ከወደቀ የጭነት መኪና ላይ ትልቅ ራዲያተር አምጥቶ፣ ቦታው ስለጠበበ የፊቱን ብረት ወደ ውጭ ገፍቶ ገጠመው። ሞተሩ አየር የሚስብበትን ቱቦ ከመስታወቱ ጎን ወደ ላይ አውጥቶ ከጣሪያው በላይ አደረሰው፤ በረሃ ላይ አቧራው ከመሬት ስለሚነሳ ከላይ የሚመጣው አየር ይሻላል አለኝ። ሁለተኛ የናፍጣ ታንከር ከሥር አሰረ። ሰፋፊ ጎማዎቹ የመጡ ቀን እናቴ ሳትቀር ወጥታ በእጇ መታ መታ አደረገቻቸው።

መኪናው ከፍ እንዲል ብሎ መኪናውን የሚሸከሙት የብረት ንጣፎች፣ ባሌስትራው ላይ፣ ሦስት ንጣፍ ጨመረበት። ከፍ አለ፤ ግን እንደ ጋሪ ይነጥር ጀመር። እሁድ ዕለት ከኋላ ሳፋ ሙሉ ውሃ አስቀምጦ በሰፈሩ ኮብልስቶን ዞሮ ተመለሰ። ሳፋው ባዶውን ነበር። "ለበሽተኛ አይሆንም" ብሎ አንዱን ንጣፍ አወጣ። በሳምንቱ ደግሞ ሳፋውን ሞልቶ ዞረ፤ ግማሹ ፈሰሰ። ሁለተኛውንም አወጣ። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ "ሰውዬው ውሃ እያዞረ ያበላሻል" ትለኛለች። እኔ ግን እያንዳንዱን ሳፋ በልቤ እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ከአፉ ትንሽ ብቻ ጎድሎ ሲመለስ ሳላስበው አጨበጨብኩ።

"በሽተኛዋ ቁጭ ብላ ነው የምትሄደው?" ብዬ የጠየቅኩት ያን ዕለት ነው።

መፍቻውን እንደያዘ አየኝ። ስለ ሞተር፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ውሃ ሁሉ አስቦ ይሄን አላሰበም ነበር። ከኋላ በጎንና በጎን የሚታጠፉ ሁለት አግዳሚዎች ሠራ፤ ሲዘረጉ አልጋ ይሆናሉ። ፍራሹ የእኔ ድርሻ ሆነ። ከሥር ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከላይ ለስላሳ አድርጌ፣ ደምና ውሃ የማያሳልፍ፣ በጨርቅ ተወልውሎ የሚጸዳ ልባስ አለበስኩት። ዳሌ ላይ የሚያዝ፣ ሆድ የማይነካ ቀበቶ ሰፋሁለት። የጎኑን እጀታ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሰፋሁ፤ በምጥ ያለች ሴት እጇ የሚዘረጋው የት እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። በመጨረሻ ሦስት የወለደችውን እናቴን አጋድሜ፣ "የት ትይዢ ነበር?" አልኳት። ሳቀች፤ ቀጥላ ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘረጋች። እዚያው ሰፋሁት።

የፊት ወንበሮቹ መጨረሻ መጡ። የእሱን በቁመቱ ለክቼ ጨረስኩ። የጎኑ ወንበር ሲቀር፣ "ይሄንንስ ለማን ልክ ልሥራው?" አልኩት፣ ሜትሩን አንገቴ ላይ እንዳደረግሁ።

ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና አላለም። "በአንቺ ልክ ሥሪው" አለ።

ወደ ክፍሌ ገብቼ ራሴን በሜትሩ ለካሁና ስፖንጁን ቆረጥኩ። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ አግብቼ ፈትቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ያለፈኝ መስሎኝ ነበር።

ሙከራ የወጣነው በቡና ለቀማ ሰሞን ነው። ብቻችንን መሄዳችንን እናቴ አልፈቀደችም፤ "የሰው አፍ አለ" ብላ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ከኋላ አልጋው ላይ ወጣች፤ ትራስም አስጨመረች። በአጋሮ አልፈን ወደ ጌራ በሚወስደው ጫካ ውስጥ ገባን። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኖ ነበር። ከቡናው ሥር ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሰሩ ቆመው ያዩናል። የማውቀው አገር ነው፤ በባስም በአይሱዙም ስንት ጊዜ ሄጄበታለሁ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ሳየው ግን አዲስ ሆነብኝ። ቁልቁለቱ ላይ ስንወርድ እናቴ ከኋላ በኦሮምኛ "ሱታ! ሱታ!" ትላለች፣ ቀስ በሉ ማለቷ ነው። እሱም በሐረር ኦሮምኛው ይመልስላታል፤ አነጋገሩ ያስቃት ነበርና ፍርሃቷን ትረሳለች።

አንድ ዳገት ሥር እሸት ቡና የጫነ መኪና እስከ ወገቡ ሰጥሞ አገኘን። ቡናው በዕለቱ ማጠቢያው ጋ ካልደረሰ ይበላሻል፤ ባለቤቱ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል። ገመድ አሰርንና ስንጎትት የእኛም የኋላ ጎማ መስመጥ ጀመረ። እሱ ወረደ። ከጎማዎቹ አየር አስተነፈሰ፤ ለአሸዋ ብሎ የሠራቸውን ቀዳዳ ያላቸው ብረቶች አውርዶ ከጎማው ሥር ከተተ። ከዚያ መስኮቴ ጋ መጥቶ፣ "እኔ ገመዱን ከኋላ ማየት አለብኝ። አንቺ ያዢው" አለኝ።

"ነድቼ አላውቅም!"

"ዛሬ ትነጂያለሽ። ፍሪሲዮኑን ርገጪ። አንደኛ ማርሽ ገብቷል። እጄን ሳነሳ ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ነዳጅ አታብዢ፤ ራሱ ይሄዳል።"

ወደ እሱ ወንበር ተሻገርኩ። በመስታወቱ ውስጥ ጭቃው ላይ ቆሞ አየሁት። እጁን አነሳ። "ቢስሚላህ" ብዬ ለቀቅኩት። መኪናው አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ብረቱን ያዘ፤ ከዚያ ቀስ እያለ፣ ያን ሁሉ ቡና ከኋላው እየጎተተ፣ ወደ ፊት ሄደ። ሰው ጮኸ። እናቴ ትከሻዬን እየመታች፣ "ኢንተላ ኮ! የኔ ልጅ! አትቁሚ!" ትላለች። ዳገቱ ጫፍ እስክደርስ አልቆምኩም። ሮጦ ሲደርስብኝ ፊቱ እስከ ቅንድቡ ጭቃ ነበር፤ ያን ያህል ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ወደ ቤት የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ቢያንስ እስከ አጋሮ።

በሳምንቱ ጠየቀኝ። ነገር አላሳመረም። "መኪናው ደርሷል። ሽማግሌ ልላክ። አብረን ወደ እኛ አገር እንሂድ" አለ። "ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ውሃው ጨው ጨው ይላል፣ አልዋሽሽም። ግን ሸራ የሚሰፋ ሰው እዚያም ይፈለጋል።" እኔ እሺ አልኩ። ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ዘጠኝ ቀን ሲቀር እናቴ ውዱእ ልታደርግ ጎንበስ እንዳለች ወደቀች። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አለ፤ አፏም ተጣመመ። ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው፤ በዚያ አልጋ ላይ የመጀመሪያዋ በሽተኛ እሷ ሆነች። እኔ ከጎኗ ተንበርክኬ እጇን ይዤ ነበር። መኪናው ሲሄድ እንደማይነጥር ያኔ በደንብ አየሁ።

ተረፈች። ግን የሚያነሳት፣ የሚያጥባት፣ የሚያጎርሳት ሰው ያስፈልጋት ጀመር። ወንድሞቼ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዓረብ አገር ናቸው። እህት የለኝም። ይዘናት እንሂድ እንዳንል ሐኪሙ ያን ሙቀትና ያን መንገድ አትችልም አለ። እሱ፣ "እጠብቃለሁ" አለ። እናቴ አፏ እንደተጣመመ "ሂጂ" ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ አልሰማሁሽም እያልኩ ልብሷን እቀይርላታለሁ።

ክረምቱ ገባ። መኪናው ተሟልቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ውሃውና ናፍጣው ተሞልቶ አቮካዶው ሥር ቆመ። እሱ በየእሁዱ ይመጣል፤ የሚሠራ ነገር የለም፤ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ያሞቀውና ያጠፋዋል። እናቱ ዘንድ ሲደውል እሰማው ነበር። "መቼ ነው?" ይሉታል መሰለኝ፤ "ኢንሻአላህ ቅርብ ነው" ይላል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወንበሮቹ ሻጋታ እንዳይዛቸው ልወለውል ገባሁ። የኋላውን በር ስከፍት ከታችኛው ጠርዝ አዲሱ ቀለም እንደ ቡግንጅ ተነፍቶ አየሁ። በጥፍሬ ነካሁት፤ ተሰበረ። ውስጡ ቀይ ዱቄት ነበር። እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

እሁድ ሲመጣ እጁን ይዤ ወስጄ አሳየሁት። "ትንሽ ነው፤ እፍቀውና እቀባዋለሁ" አለ።

"ዘንድሮ ትፍቀዋለህ። ከርሞስ?"

ዱቄቱን በአውራ ጣቱ ጠረገ።

"እናቴ መቼ እንደምትሻላት አላውቅም" አልኩት። "ሞቷን ደግሞ ልጠብቅ አልችልም፤ አንተም አብረኸኝ እንድትጠብቅ አልፈልግም። ይሄን መኪና እዚያ በራቸው ላይ ቆመው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ሂድ።"

"አንቺስ?"

"እኔ እዚህ ነኝ።"

ተከራከረኝ። መኪናውን እዚያ ላለው ወንድሜ ልላክና እኔ ልቅር አለ። እሺ ብዬው ቢሆን ይቀር ነበር፤ ይሄን አውቃለሁ፤ ዛሬም ድረስ የሚከብደኝ እሱ ነው። አላልኩም። ከእህቱ ሞት ጀምሮ የኖረው ለዚያ ጉዞ ነበር። ከእኔ ጋር ጅማ ቀርቶ አርባ ዓመት ቢኖር፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወደ ምሥራቅ ሲያይ እንዳላየው ፈራሁ።

የሄደው አንድ ሰኞ ጧት ነው። እናቴን በተኛችበት ገብቶ ተሰናበታት፤ ደህናውን እጇን ሳመ። እሷም "ነጋን ገሊ" ብላ መረቀችው፣ በሰላም ግባ ማለቷ ነው። ለእኔ ጓሮው ውስጥ ቆሞ ብዙ ሊል የነበረ ይመስለኛል። "የጎማውን አየር እንዳትረሳ፣ አስፋልት ላይ ሙላው" አልኩት፣ ሌላ የምለው ቢጠፋኝ። "እሺ" አለ። በሩን እንዳይፍቅ ወጥቼ በእጄ እየመራሁ አስወጣሁት።

ኔትወርክ የሚያገኘው ወደ ትልቁ መንገድ ሲወጣ ነበር። በሦስተኛው ወር ደወለ። ከሩቅ ሰፈር አንዲት ሴት አምጥቶ ሆስፒታል አድርሷል፤ መንታ ተገላግላለች። "ያንኑ ወንዝ ነው የተሻገርነው። አልያዘንም" አለና ድምፁ ተቆረጠ። ኔትወርኩ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" እላለሁ፤ ለካ እያለቀሰ ነው። ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ቃሏ ያን ዕለት ከሌላው ቀን ይልቅ ጠርቶ ወጣ።

በሁለተኛው ዓመት ሌላ ስልክ ደወለ። ብዙ ሰላምታ ካለን በኋላ፣ "የእኛ አገር ሽማግሌዎች ሴት አይተውልኛል" አለ። "ምን ልበላቸው?" አለኝ። እግሬ የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ነበር። እናቴ ከጓዳ እየጠራችኝ ነበር። "እሺ በላቸው" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ለሚስቱ ክብር ብሎ መደወሉን ተወ፤ እኔም አልደወልኩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እናቴ በአራተኛው ዓመት ስትሞት፣ ከማን እንደሰማ አላውቅም፣ ደውሎ አለቀሰላት።

ሰው "ይቆጭሻል?" ቢለኝ መልሱን አላውቀውም። እናቴ እጄ ላይ ነው የሞተችው፤ በዚያ አይቆጨኝም። መንታዎቹ አሁን ትምህርት ቤት ገብተው ይሆናል። ይሄ ሁሉ ልክ ነው። ግን አሁን ቤቱ ውስጥ የሚጠራኝ የለም፣ የሚይዘኝም የለም፤ እኔ ደግሞ የምሄድበት ቦታ የሰው ቤት ሆኗል። መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ሸራ የማደርስባት አንዲት ፒካፕ አለችኝ፤ ወደ አጋሮ ስነዳ አንዳንዴ ሳይታወቀኝ ከጎኔ ላለ ሰው የማወራ ያህል ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል።

ቡና ጭነው ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮች ሸራቸውን ሊያስጠግኑ ይመጣሉ። ፀሐይ የበላው ሸራ ነው፤ የጠርዙን ስፌት ስፈታ ከውስጡ ደቃቅ አሸዋ ይፈሳል። ባለፈው ወር አንዱ ሸራውን እየጠበቀ፣ መንገድ ላይ ስላጋጠመው ነገር ያወራ ጀመር። ከድንበር ከተማዋ ከደወሌ ወዲህ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳለ አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው መጥቶ ከየት እንደመጣ ጠየቀው። ከጅማ ሲለው ሻዩን ከፈለለት፤ ሌላም አዘዘለት። ውጭ የቆመው መኪናው ከጣሪያ በላይ የወጣ ቱቦ አለው፤ ከኋላ ሦስት ልጆች ይንጫጫሉ።

"ሌላ ምን አለህ?" አልኩት።

"ምንም። ሻዩን አብሮኝ ጠጣና ሄደ።"

"ከስቷል?"

"እኔ ድሮ አላውቀው። ደህና ነው ሰውየው፣ ይስቃል።" አየት አደረገኝ። "ዘመድሽ ነው እንዴ?"

"ጎረቤታችን ነበር" አልኩት። ክሩን አስገባሁና ጠርዙን ሁለት ጊዜ ደርቤ ሰፋሁት፣ ያን ያህል ባያስፈልገውም።